የኮርቻ ሰም

የካቲት 2፣ ከጠዋቱ 12፡20

ካቴናዋ ዘይት ጠጥታለች። ጎማ ደህና። መስታወቶቹ ተወልውለዋል። የቀረኝ ክሮሙ ነው። ሻይዬ እየበረደ ነው፣ ይብረድ።

ደብተሬ፣ ለአንቺ ብቻ ነው የምናገረው፦ እንደ ዳማ ያለች ሞተር ሳይክል ሰፈራችን ሴቻ ውስጥ የለችም። ዝቅ ያለች፣ ረዘም ያለች፣ መሪዋ ወደ ኋላ የተሳበ፣ ጎንና ጎኗ ሁለት የጭስ ማውጫ ማርሚታ። የቤንዚን ሰልባቲዮዋ ቀለም ቁርጥ የአባቴ ፈረስ ነው፤ ስሟንም ከእሱ ወረሰች። አሥራ አራት ዓመት የግብርና መ/ቤቱን ሞተር ስነዳ፣ ያችን ፌንጣ፣ ወገቤ አልቋል። ይቺ ግን የራሴ ናት። ሊብሬዋ ላይ አስናቀች ይላል። ታደለ፣ ባሌ፣ ሁለተኛው ባልሽ እያለ ያሾፍብኛል። ይቅናበት።

የክሮም ማሳመሪያው ከሱቅ ጠፍቷል። ብልሃት አላጣሁም። ከጨንቻ የወረደ የንብ ሰም ታች ሲቀላ ገበያ አገኘሁ። አባቴ ጎጃም እያለን ኮርቻውን በሰምና በኑግ ዘይት ነበር የሚያሸው። ለኮርቻ የሆነ ለዳማ ምን ያንሳታል? አቀለጥኩ፣ ቀባሁ፣ አሸሁ። የሰልባቲዮዋን ክዳን ደግሞ ሁለት ጊዜ። ፊቴን አየሁበት። ደስ አለኝ!

የካቲት 5፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ውርደት።

ከሲቀላ ወደ ሴቻ ስወጣ፣ ዳገቱ መሐል ላይ፣ ቱፍ ቱፍ አለችና ቀጥ። ከኋላዬ ሚኒባስ፣ ከሚኒባሱ ኋላ የባጃጅ መዓት። ሁሉም ጡሩንባ። አንዱ ባለ ባጃጅ ወርዶ ማዘር ልግፋልሽ አለኝ። ማዘር! አርባ ሰባት ዓመት ማዘር ያሰኛል? ለማንኛውም ገፋልኝ፣ እግዜር ይስጠው።

ዳር ቆመን ላቤን ስጠርግ ትንሽ ቆይታ ተነሣች። ምንም እንዳልሆነች። ቤት ስደርስ ለታደለ አልነገርኩትም። ቀድሞኝ ሰምቷል። ይህ ከተማ!

የካቲት 7

ማቲዮስ ጋ ወሰድኳት። ከመናኸሪያው ኋላ ያለው መካኒክ፣ ከፌንጣዋ ዘመን ጀምሮ የማውቀው። ዝምተኛ ነው፣ እጁ ግን ይናገራል። ክዳኗን ከፈተ፣ ቤንዚን መኖሩን አየ፣ ክዳኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አስነሣት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስታጉረመርም ቆየች፣ ልብ የሚያሞቅ ድምፅ። ካንዴላ አወጣ፣ ካርቡራተር ፈታ፣ አጠበ፣ ገጠመ። ምንም የለባትም፣ እትዬ፣ አለኝ። ለድካሙ የከፈልኩትን ግማሹን መለሰልኝ።

ሸክሙ ከጫንቃዬ ወረደ። ማታ የሰው ጣት አርፎባት ስለነበር እንደገና በሰም አሸኋት።

የካቲት 9፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ከንዴት።

ታደለን ለምኜ ከኋላዬ አስቀመጥኩት። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፣ ፍጥነት ይፈራል። ገጠር ላንቴ ድረስ ብቻ አልኩት። ጋሽ ዳናን ልንጠይቅ። ሙዝ በመስመር መትከል ያስተማርኳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ዳማን ገና አላዩዋትም። ልታይላቸው ፈለግኩ፣ አልዋሽም።

የሙዝ መጫኛው ጋ ስንደርስ ቆመች። ገበሬው ሁሉ እያየ። ማስነሻዋን ሃያ ጊዜ ብረግጥ እምቢ። ታደለ ሙዝ በጫነ አይሱዙ ተሳፍሮ ተመለሰ፣ ዞር ብሎም አላየኝ። እሱ ከሄደ በኋላ ተነሣች። ቀጥታ ማቲዮስ ጋ ነዳሁ።

የተናገርኩትን ልጻፈው። ደህናውን ካርቡራተር ወስደህ አሮጌ ገጥመህብኛል አልኩት። ሌባ የሚለውም ቃል ወጥቷል። አምስት ስድስት ደንበኛ ቆሞ ይሰማል። ማቲዮስ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት። «እትዬ፣ እኔ የሰው ዕቃ አልነካም። እግዜር ያውቃል» አለ።

ቤት ደግሞ ሌላ ጦር። ታደለ ሦስተኛ ጊዜ ከቆመች ትሸጫለሽ አለኝ። በአባቴ አጥንት እሸጣለሁ ብዬ ማልኩ። ምን አስቸኮለኝ? ገዢ እንደሆነ አለ፤ አንድ የቢሮ ባልደረባዬ ከገዛኋት ቀን ጀምሮ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

የካቲት 13

ታደለ ዛሬ ከሲቀላ ወሬ ይዞ መጣ። ሁለት ባለ ሞተሮች ማቲዮስን ትተው ሌላ ጋ ሄደዋል። ወ/ሮ አስናቀችን ያህል ሰው ሌባ ካለችው አንድ ነገር ቢኖር ነው ተብሏል።

የእጁን ነው ያገኘው አልኩ። ምሳ ግን አልበላልኝም።

የካቲት 14፣ 4 ሰዓት

ደብተሬ፣ ጉድ ስሚ።

ጠዋት ወደ ማደያ ስሄድ ጀመራት። ቱፍ ቱፍ። ሦስተኛው መጣ፣ አለቀልኝ፣ ዳማዬ ተሸጠች። ሰልፉ ጫፍ ላይ ደርሼ ራሴ ቁልፉን አጠፋሁ። እኔ አቆምኳት እንጂ አልቆመችም! መሐላዬ አልተነካም።

ተራዬ ሲደርስ ክዳኗን ከፈትኩ። ፉፍፍ አለች። ውኃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ እንዳለ ሰው ትንፋሽ ሳበች። ክዳኑን ገለበጥኩት። መሐሉ ላይ መርፌ የምታክል ቀዳዳ አለች፣ የአየር መግቢያ። ቤንዚኑ ወደ ታች ሲወርድ በቦታው አየር ካልገባ ሰልባቲዮው ይታነቃል፣ ቤንዚኑ አይወርድም። ቀዳዳዋ በቢጫ ሰም ተደፍናለች። በእኔ ሰም። በእኔ እጅ።

ማቲዮስ ጋ ለምን ምንም አልሆነችም? መጀመሪያ ክዳኑን ከፍቶ አስቀመጠዋ!

ቀዳዳውን በመርፌ ቁልፍ ጠረግኩ። ሰሟን፣ የጤፍ ፍሬ የምታክለውን፣ በክብሪት ቤት አስቀመጥኩ። ከማደያው ላንቴ፣ ከላንቴ ሴቻ፣ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ። አንዴ እንኳ አላሳለችም። ወይ ዳማ! ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

በር ላይ ስወርድ ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ያንን ሰው ሌባ ብዬዋለሁ።

የካቲት 15

ታደለ ቁጭ አድርጎ ሰማኝ። አልሳቀም፣ ይህን አልረሳለትም። ስልክ ደውይለት አለ። ስልክ ይዤ ቁጥሩን አወጣሁ፣ ዘጋሁ። ስድቡን በስልክ አልተሳደብኩም።

ከሰዓት ላንቴ ሄጄ ለጋሽ ዳና ተናገርኩ። ዳማን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ሰልባቲዮዋን እንደ በሬ ሽንጥ መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ተቆጡኝ። እዚህ አገር ሃያ ሁለት ዓመት ኖረሽ ይህን ሰው ይነግርሻል ወይ? ለእርቅ እርጥብ ሳር ያዢ። ቃሉ የወጣበት ቦታ ሂጂ። የሰሙት ሰዎች ባሉበት። ብቻሽን አትሂጂ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ብቻውን አይቆምም። ሳር የያዘን ሰው የሚገፋ የለም፣ አሉ።

እኔ ሳር ይዤ መናኸሪያ ኋላ? የመ/ቤቱ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት? ሙዝ ሰጥተው ሸኙኝ።

የካቲት 16፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

አልተኛሁም። ቆርጫለሁ።

ዛሬ አልወለወልኳትም። የላንቴ አቧራ እንዳለባት ትሂድ። የክብሪት ቤቷ ደረት ኪሴ ውስጥ ናት፣ ከፍቼ ለሁሉም አሳያለሁ። ሳሩን ከአጥሩ ሥር ነጭቻለሁ፣ ጤዛው አልደረቀም። ገበያው ሲሞላ ነው የምደርሰው፣ ያኔም ሞልቶ ነበር። ማቲዮስ የዳማን ድምፅ ከሩቅ ያውቀዋል። ከወጣልኝ ወርጄ፣ ሄልሜቴን አውልቄ፣ ሌባ አይደለህም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ጮክ ብዬ። ካልወጣልኝ ሳሩ እስኪጠወልግ እቆማለሁ። ሲጠወልግ ሌላ አመጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አላሰብኩም ነበር። ዳማ በሁለት እጅ ነው የምትነዳው። ሳሩን ማን ይይዛል?

ታደለ በር ላይ ቆሟል። ዳግመኛ አልወጣባትም ያለው ሰውዬ። የልጃችንን አሮጌ ሄልሜት አድርጎ፣ ማሰሪያው አገጩ ላይ አልገጠመለትም። በቀኝ እጁ የእኔን ወገብ እንደሚይዝ፣ በግራው ሳሩን እንደሚይዝ፣ ቀስ ብዬ እንድነዳ እየነገረኝ ነው። ሳሩን ይዞታል። ልነሣ