ሰሊጡ ሲራገፍ

ገንዳ ውሃ፣ ኅዳር 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ሰላምታዬ ከዚህ ሲነሳ እንደ ቆላው ትኩስ ነው፤ ዳባት እስኪደርስ እንዳይበርድብሽ ለሾፌሩ ለማሩ አደራ ብዬዋለሁ። ወገብሽን ተሻለሽ? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ከሙቀቱና ከንዴቱ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ትናንት ደርሶኛል። «ልጄ አየሁሽ እንዴት ናት?» ላልሽኝ ከታች እመልስልሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን ንዴቴን ላውጣው፣ አለዚያ እፈነዳለሁ።

የማሠለጥነውን የሩጫ ቡድን የሚቀልበው አቶ ይርዳው የሚባል የሰሊጥ ባለሀብት መሆኑን ነግሬሻለሁ። ክረምቱን ልጆቹን በዚህ ጥቁር ጭቃ ሳስሮጥ፣ ሰሊጡ ሲራገፍ ባሕር ዳር ለሚደረገው የሯጮች ምርጫ መጓጓዣውንም ጫማውንም እችላለሁ ሲል በሰው ፊት ምሎልኛል። እዚህ አገር ሰው ሲያገባም፣ ቤት ሲሠራም፣ ከባላንጣው ሲታረቅም ቀጠሮው ሰሊጡ ሲራገፍ ነው። እኔም አመንኩት።

አየሁሽ በዚያ ምርጫ ብታልፍ ትልቅ ክለብ ይወስዳት ነበር። አንቺንም ከሰው ማሳ እንደምታወጣሽ ስትነግረኝ አፏ አያርፍም። መስከረም ሲጠባ ወንዶቹን ሁሉ በሩጫ ጥላቸው ትሄድ ጀመር።

እንግዲህ ጅልነታችንን ስሚ። አጨዳው አልቆ ነዶው ሲደርቅ፣ ቶሎ ከተራገፈ ቶሎ እንሄዳለን ብለው ልጆቹ ማልያቸውን እንደ ለበሱ አቶ ይርዳው ማሳ ወረዱ። ማንም አላዘዛቸውም። አየሁሽ ነዶውን ሸራ ላይ ዘቅዝቃ ስትመታ፣ ከወሎ የመጡት ሠራተኞች እንኳ ይቺ ልጅ ምን ነካት ይሉ ነበር። እኔም አብሬ ሳራግፍ ዋልኩ፤ አሠልጣኝ ተብዬዋ!

ሰሊጡ ተራገፈ፣ ዋጋውም ወዲያው ወደቀ። በውጭ አገር ባንክ ከስሮ ገዥ ጠፋ አሉ። ባንኩ የወደቀው በሰው አገር፣ የተሰበረው የእኛ ልጆች እግር! አቶ ይርዳው ዘንድ ብሄድ፣ ሲራገፍ አልኩ እንጂ ሲረክስ አላልኩም ብሎኝ አረፈው። መንግሥት ቤት ብሄድ በጀት ስለሌለ ባለሀብት አስተባብሪ አሉኝ። ባለሀብት ቢኖረኝ እነሱ ደጅ ምን አቆመኝ?

የምርጫው ቀን አለፈ። አየሁሽ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አክስቴ፣ ለካ የተራገፍነው እኛ ነን አለችኝና ሳቀች።

እንግዲህ ስለ ልጅሽ። ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ልምምድ ልሥራ ብላ እንደ ወጣች አልተመለሰችም። እናቴ ናፍቃኛለች ስትል ስለ ከረመች ወደ አንቺ መጥታለች ብዬ ነው የማስበው። በጋላባት በኩል ወደ ሱዳን ስለ ተሻገሩ ልጃገረዶች እዚህ የማይወራ የለም፤ እኔ ግን ጆሮ አልሰጥም። አንቺ ዘንድ ናት። እንዴት ናት ብለሽ የጠየቅሽኝ ደብዳቤውን እሷ ከመድረሷ በፊት ጽፈሽው ነው። ወረቀቱን ፊትና ኋላውን አገላበጥኩት፤ ቀን የለበትም። እታለም፣ ምን ነበረበት ቀኑን ብትጽፊበት?

ማሩ መልስ ሳይዝ እንዳይነሳ ለምኜዋለሁ። አለች ብቻ በይኝ። ከመጣች አትቆጫት፤ እግሯን እጠቢልኝ።

እመቤታችን ቤትሽን ትጠብቅልሽ፤ በመንገድ ያለውንም ሁሉ ለእናቱ ታግባልን።

ታናሽ እህትሽ