ቅርፊቱ የአባባ ነው

ቅዳሜ፣ መጋቢት 1

ዛሬም ምሳ ዕቃው ባዶውን ተመለሰ። ተጠርጎ፣ ተልሶ፣ የታጠበ መስሎ። እስከ ትናንት ባዶ ሲመጣልኝ «ልጄ በላች» ብዬ አምላኬን አመሰግን ነበር። ዛሬ እስር ቤቱ በር ላይ አብራኝ የተሰለፈች ከቱላ የመጣች ሴትዮ የነገረችኝ ግን ሌላ ነው። ልጇ ወደ ሌላ ቦታ ከተወሰደ ሁለት ሳምንት ሞልቶት ኖሯል። እሷ በየቀኑ ቆጮና ጎመን ታመላልሳለች፤ ዕቃው በየቀኑ ባዶውን ይመለስላታል። «ማን ይበላው እንደነበር እግዜር ይወቀው፣ ወንድሜ» አለችኝ። አላለቀሰችም። አለማልቀሷ ነው ያስፈራኝ።

ልጄ ማርታ ከተወሰደች አሥራ ሁለት ቀኗ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። አሥራ ሁለት ቀን ምግብ ወስጃለሁ፤ አንዱንም እሷ ትብላው ሌላ ይብላው አላውቅም። ስሟን ጠርቼ ስጠይቅ መልሱ «አስቀምጥና ሂድ» ነው። ደብዳቤ ክልክል ነው። ምግብ በወረቀት መጠቅለል እንኳ ክልክል ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከእግዚአብሔር ይሁን ከፍርሃቴ፣ አልለየሁትም። ሳንዱች። ያ የፈረንጆቹ ትኩስ ሳንዱች።

የሚያስፈልገኝ፦ ጥቅል ጎመን። ፍርምባ። አይብ። ሰናፍጭ። ለጋ ቅቤ። ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነ ዳቦ። ካውያ (የባለቤቴ አለ)። ድፍረት።

እሑድ፣ መጋቢት 2

ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ እሑድ ቀኑ ረጅም ነው። አሁን እህል ይከማችበታል አሉ። መዝሙሩን አፌን ዘግቼ በአፍንጫዬ ዘመርኩ። መጽሐፍ ቅዱሱን ስለወሰዱት መዝሙረ ዳዊትን በቃሌ ለማለት ሞከርኩ፤ መሐል ላይ ጠፋኝ።

ጎመኑን በቀጭኑ ከትፌ፣ በጨው አሽቼ፣ ውሃውን እስኪያወጣ ጨምቄ፣ ማሰሮ ውስጥ ጠቅጥቄ ድንጋይ ጫንኩበት። በአዋሳ ሙቀት አምስት ቀን ይበቃዋል፤ ይኮመጥጣል።

ይህን ያስተማረችኝ ፈረንጇ አሠሪዬ ማዳም ናት። አብዮቱ ሳይመጣ ታቦር ተራራ ሥር በነበረው የፈረንጆች ማረፊያ ቤት ስምንት ዓመት ወጥ ቤት ሠርቻለሁ። በጨው የከረመ ሥጋ፣ የኮመጠጠ ጎመን፣ አይብና ሰናፍጭ በሁለት ዳቦ መሐል ይደረጋል። ከዚያ በቅቤ ይጠበሳል፤ ከላይ ከባድ ብረት ይጫንበታል። ማርታ ትንሽ ሆና ወጥ ቤት በር ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። የተረፈውን ስሰጣት መሐሉን ትበላና ቅርፊቱን በሳህኑ ዙሪያ እንደ አጥር ትደረድረዋለች። «ቅርፊቱ የአባባ ነው!» ትላለች። ያረረ ቅርፊት እንደምወድ ታውቃለች።

ስትቆጣኝ ግን ቅርፊቱንም ጨምራ ትበላዋለች። አንዲት ፍርፋሪ አታስቀርልኝም። አድጋም እንዲሁ ናት።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። አጥሩ ከመጣ ልጄ አለች፤ እኔንም አልጠላችኝም። ባዶ ከመጣ… ባዶ ከመጣ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ሦስቱንም አልጽፋቸውም።

ሰኞ፣ መጋቢት 3

ሥጋ። ሁዳዴ ስለሆነ ከተማው ውስጥ ሥጋ ቤቱ ሁሉ ዝግ ነው። ሥጋ ሻጩ ሐጂ ብቻ ከገበያው ጀርባ በሳምንት ሁለት ቀን ያርዳሉ። ፍርምባ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እርስዎ በሁዳዴ ሥጋ ሲገዙ ሰው ካየ ምን እንደሚል ያውቃሉ አይደል?» አሉኝ።

አውቃለሁ። በሁዳዴ ሥጋ ይዞ የሚሄድ ወይ እስላም ነው ወይ ጴንጤ። እኔ ደግሞ ኮፍያም የለኝ። ሐጂ ሥጋውን በኮባ ቅጠል ጠቀለሉልኝና ዘንቢሌ ውስጥ ከተው፣ ከራሳቸው ጓዳ አንድ እስር ቆስጣ አምጥተው ከላይ ደፉበት። «የጎመን ነጋዴ ሆኑ» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ከገበያው እስከ ቤቴ ያለው መንገድ እንደ ዛሬ ረዝሞብኝ አያውቅም። ደሙ በዘንቢሉ ሥር ጠብ ይል ይሆን እያልኩ አሥር ጊዜ ዞሬ መሬቱን አየሁ።

ጨው፣ ከራሽኑ የተረፈች ስኳር፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ። ማዳም ከሳምንት በላይ ታከርመው ነበር። እኔ ሦስት ቀን እሰጠዋለሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

የቀበሌ ስብሰባ። መፈክሩን ከሁሉም ሰው በላይ ጮኼ አሰማሁ። እጄን ሳነሳ ብብቴ ላብ ነበር። ሊቀመንበሩ አንዴ አየኝ፤ ወይም መሰለኝ።

ይህን ደብተር ዱቄት ጣሳው ሥር ነው የምደብቀው። ከደበቅሁት አይቀር እውነቱን ልጻፍ።

ካድሬዎቹ ቤቴን ሊፈትሹ የመጡ ዕለት መጽሐፍ ቅዱሱን ከትራስ ሥር አወጡት። «የማነው?» አሉ። የእኔ ነበር። ባለቤቴ የሞተችበትን ቀን ከሽፋኑ ውስጥ በገዛ እጄ ጽፌበታለሁ። አፌ ግን «እኔ ማንበብም አልችል፣ ጓድ» አለ። ማርታ አየችኝ። ረጅም አልነበረም፤ ዓይን ለመጨፈን የሚበቃ ያህል። ከዚያ «የእኔ ነው» አለች፤ ነጠላዋን አነሳች፤ ወጣች።

ማንበብ አልችልም ያልኩት ሰውዬ ይኸው ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ጴጥሮስ ዶሮ ጮኸለት። በእኛ ሰፈር ዶሮው ሁሌ ይጮኻል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 5

ሽሮ ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ወጣት ዘበኛ እንደ ልማዱ «ቅመስ!» አለኝ። መርዝ እንዳይኖር አምጪው መቅመስ አለበት። ቀመስኩ። ደፈር ብዬ «ማርታ ደህና ናት ወይ?» አልኩት።

«ማን ማርታ?»

ይህን ብቻ ነው ያለው። ከኋላዬ ያሉት ገፍተው አሳለፉኝ። ማን ማርታ? የእሱን ንግግር ቀኑን ሙሉ ሳላምጥ ዋልኩ። አላውቃትም ማለቱ ነው? ወይስ ብዙ ማርታ አለ ማለቱ? ወይስ የለችም? የምሠራበት የሠራተኞች ክበብ ውስጥ መኮሮኒው አረረብኝ። ማንም አልተቆጣኝም። ሁሉም የሚያውቅ ይመስለኛል፤ ይህም ያስፈራኛል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

ጠዋት በክበቡ ምድጃ ዳቦ ጋገርኩ። ግማሽ ስንዴ፣ ግማሽ ገብስ፣ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ውስጥ። ቅርፊቱ ሲያንኳኩት እንደ ጣውላ ይጮኻል። ደስ አለኝ፤ አፈርኩም፣ በደስታዬ።

ሥጋውን ቤት ቀቀልኩት። መስኮቱን ዘጋሁ፤ ሽንቁሩን በጨርቅ ወተፍኩ። ምን ያደርጋል! ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። የደብረ ማርቆስ ሰው ናት፤ ሁዳዴን አንዲት ቀን ገድፋ አታውቅም።

«ጋሼ! በሁዳዴ? ያውም በግድግዳዬ በኩል?»

«ይቅር በይኝ እትዬ አስካለ፣ ለማርታ ነው።»

ማሰሮውን አየች፤ ካውያውን አየች። «ካውያው ምን ሊሆን ነው? ሥጋውን ሊተኩሱት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ስለ ቅርፊቱም፣ ስለ አጥሩም። ስለ መጽሐፉ አልነገርኳትም። በር ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀመጠች። በርበሬ ልትቀነጥስ ነው። ሰው ስለ ሽታው ቢጠይቅ በርበሬ ቆልቼ ነው ልትል ነው። ጾመኛዋ ለእኔ ሥጋ ልትዋሽ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሸ። ጎመኑን ሳልጨምቅ ከትቼው ዳቦው ረጠበ፤ ቅርፊቱ እንደ ጨርቅ ተልፈሰፈሰ። ቅርፊቱ ከላላ ምልክቱም የለም። እንደገና። በሁለተኛው ካውያው ከሰሉ በዝቶበት ዳቦውን አከሰለው። ለነገ የቀረኝ ሁለት ቁራጭ ዳቦ ብቻ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 7

ማለዳ ተንበረከክሁ፤ ቃል አልመጣልኝም። ተነሥቼ መጥበሻውን ጣድኩ።

ጎመኑን በነጠላ ጨምቄ ጨምቄ ጠብታ እስኪያጣ። ሥጋውን በቀጭኑ። የእኛ አይብ እንደ ፈረንጆቹ አይቀልጥም፤ በጨርቅ ቋጥሬ ድንጋይ ሥር አሳድሬው ስለነበር ግን ተቆራረጠልኝ። ሰናፍጭ። ቅቤው የሚቀባው ዳቦው ላይ ከውጪ ነው እንጂ መጥበሻው ላይ አይደለም፤ ይህን ረስቼው ነበር፣ እጄ ግን አልረሳም። ካውያውን ጥቂት ፍም ብቻ ጨምሬ ጫንኩበት። ቸስ አለ። ገለበጥኩት፤ ወርቅ። ለአራት ቆረጥኩት፤ እያንዳንዱ በሁለት ጎን ቅርፊት አለው።

ዘበኛው ክዳኑን ሲከፍት አፍንጫውን ያዘ። «አንተ ሽማግሌ፣ ይሄ ምንድነው የሸተተው?»

«ጎመን ነው፣ ጓድ። ኮምጥጦ ነው።»

በሳንጃው ጫፍ ከፈተው። ወረቀት ፈለገ። አይቡን ወጋ። «ዳቦውን ደግሞ በካውያ ነው እንዴ የተኮስከው?» አለና ሳቀ፤ ጓደኛውም ሳቀ። «አዎ» አልኩ። ይበልጥ ሳቁ።

«ቅመስ!» አለኝ። ጥግ ላይ ገመጥኩ፤ ጥርሴ የያዘው ቅርፊት ነበር። ከዚያ ሌላ ቁራጭ አንሥቶ «ለምርመራ» አለና አፉ ውስጥ ከተተው፤ ከነቅርፊቱ። ማኘኩን ለአፍታ አቆመ። ክዳኑን ገጥሞ ወደ ውስጥ አስገባው።

ሦስት ቀሩ። ዕቃው የሚመለሰው ነገ ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8

ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። የቱላዋ ሴትዮ ዛሬ የለችም። ምሳ ዕቃዎቹን በጆንያ አምጥተው ደፏቸው፤ ሁሉም የራሱን ይፈልጋል። የእኔን ሳነሳው ቀለለኝ። ባዶ ነው አልኩ። እዚያ ለመክፈት አልደፈርኩም።

ስመለስ ያው ዘበኛ ጠራኝ። «አባባ» አለኝ፤ ትናንት ሽማግሌ ያለኝ ሰው። «ያ በካውያ የተተኮሰው ዳቦ… ሌላ ቀንም ያመጣሉ?» አመጣለሁ አልኩት።

ፒያሳን አልፌ፣ ከሐይቁ አጠገብ ካለ ዋርካ ሥር ተቀመጥኩ። የሐይቁ ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ዓሣ የሰጠኋቸው ይመስል ከበቡኝ። ከፈትኩት።

አጥር። ሦስት ቅርፊት፣ በዕቃው ዙሪያ፣ ጥግ ከጥግ ገጥመው ቆመዋል። አንደኛው ጥጉ የለውም፤ እኔ የገመጥኩት ነው። በዚህ ዘመን ቅርፊት የሚተው ዘበኛ የለም። እንዲህ የሚደረድር ደግሞ በዓለም ላይ አንዲት ሰው ናት።

አለች። እዚያ አለች። አልተቆጣችኝም።

በላሁት። ደርቋል፤ ጨው ጨው ይላል፤ ከሥጋው ይሁን ከእንባዬ እንጃ። በልቼ ስጨርስ ደስታዬ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅር ካለችኝ በኋላ እንዴት ነው ቤቴ የምቀመጠው?

እሑድ፣ መጋቢት 9

ነገ ጠዋት ሄጄ «መጽሐፉ የእኔ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ጽሑፍ የእጄ ነው፤ ያስጽፉኝና ያመሳክሩ» እላለሁ። ይፈቷት ይሆናል። ሁለታችንንም ያስቀሩን ይሆናል። ሦስት ጊዜ ወስኜ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። ብርድ ልብሱን ግን ጠቅልዬ በር ሥር አስቀምጫለሁ፤ ብቀርም እያየሁት ልፈር ብዬ።

እትዬ አስካለን ጠርቼ ስለ መጽሐፉም ነገርኳት። ትገሥጸኛለች ብዬ ነበር። «አንድ ሰው ፈራ፤ ታዲያ ምን አዲስ አለ?» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች። «ይልቅ ያን የፈረንጅ ጉድ አሳዩኝ። ከገቡ ማን ሊያደርስላችሁ ነው?»

«ቅቤ አለው እኮ፣ እትዬ አስካለ። ሥጋም።»

«መንካት ጾም አይገድፍም። አልቀምሰውም። እዚያ በር ላይ ቅመሺ ካሉኝ የንስሐ አባቴ ይወቁበት።»

አሳየኋት። ጎመኑን አጥብቆ መጭመቅ። ፍሙን ማሳነስ። ካውያውን ጭኖ በቀስታ እስከ መቶ መቁጠር። በግራ እጇ አፍንጫዋን ይዛ በቀኟ ገለበጠችው፤ ከእኔ ይልቅ አምሮላት ወጣ። ይህን ደብተር ስጨርስ ለእሷ እሰጣታለሁ፤ በርበሬዋ ሥር ትደብቀዋለች።

«ለስንት ሰው ልሥራ?» አለችኝ ስትወጣ።

አላውቅም አልኳት። ምናልባት ለአንድ፣ ምናልባት ለሁለት። ቅርፊቱን ብቻ እንዳትቆርጪው አልኳት።