በኮረብታው ላይ የአምስት ሰው ምሳ

ማክሰኞ

ዛሬም አልነገርኳቸውም። እራት ላይ ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። እማማ ዘውዴ «ምነው፣ ጨው በዛበት እንዴ?» ሲሉኝ ተመልሶ ገባ።

ታፈሰ ጠረጴዛ ይዟል። እሑድ፣ ለሠርጋችን ምሳ፣ ለአምስት ሰው። ኮረብታው ላይ ባለው ሆቴል፤ የነገሥታቱን ግንብ ሊያዩ የሚመጡ ፈረንጆችና ከአዲስ አበባ የሚላኩ ባለሥልጣኖች የሚበሉበት። እኔ በሩን አልፌ አላውቅም። «ሁለታችንም ለድግስ የሚሆን ቤት የለንም፤ አንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው ያስተናግደን» አለኝ። እውነቱን ነው። የሱ ቤት አንድ ክፍል ናት፤ ግማሿን የተማሪ ደብተር ይዞታል። የኔ ቤት ደግሞ የእማማ ቤት ነው። የሞገስ ፎቶ በተሰቀለበት ግቢ ድንኳን አስጥዬ ለሁለተኛ ባሌ እልል ላስብል? አልችልም።

ባሌ ሞገስ ሰሜን ግንባር ከቀረ አራት ዓመት ሆነው። መርዶው የመጣ ዕለት እማማ አንድያ ልጃቸውን አጡ። እኔ ወላጆቼ ዘንድ አልተመለስኩም። እሳቸው «ሂጂ» አላሉኝም፤ እኔም «ልሂድ» አላልኩም። እንዲሁ እናትና ልጅ ሆነን ቀረን።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ረቡዕ

ሆስፒታል ስውል የሥራ ጓደኛዬ ሠናይት ቀኑን ሙሉ በዓይኗ ስትጠይቀኝ ዋለች። መርፌ እየቀቀልን «ነገርሻቸው?» አለችኝ። «ገና» አልኳት። «አስካለ፣ አንቺ ለሰው እግሩ እንደሚቆረጥ ትነግሪያለሽ፤ ይኼን ያቅትሻል?» አለች። ያ ይቀላል። እግሩ የኔ አይደለም።

የሚያስጨንቀኝ፦ እማማ። ከዚያ አባቴ፤ ቅዳሜ ጧት ከአገሩ ከትክል ድንጋይ ይገባል፣ በሹካ በልቶ አያውቅም፣ ዱላውንም በር ላይ አኑር ቢሉት አይሰማም። ከዚያ ጫማ።

የጫማው ተቃለለ። ሠናይት ጥቁሩን ተረከዝ ያለውን አዋሰችኝ። ጫፉ ላይ ጥጥ ስጠቀጥቅበት ልክ ሆነ። አንድ ነገር ተሳካልኝ።

ማታ እማማ ራሳቸውን አሟቸው ቶሎ ተኙ። ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም አፈርኩ።

ሐሙስ

ሰሙ። ከኔ ሳይሆን ከሰው ሰሙ።

ከሥራ ስገባ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አላወለቁም። ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ሊያወጡ ሄደው ነበር።

«ስኳሩን ማድጋው አጠገብ አኑሬዋለሁ» አሉኝ። ቀጥለውም፦ «ሰልፉ ላይ ሴቶቹ እንኳን ደስ ያለዎት አሉኝ። ምን አገኘሁ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሁሉም ያውቃሉ፤ እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቀው።»

ለጋብቻው የቀበሌ ማስረጃ ማውጣት ነበረብኝ። ጸሐፊዋ አፏ እንደማያርፍ ማን አጣው? አላሰብኩበትም።

እግራቸው ሥር ተቀምጬ ልናገር ሞከርኩ። ጥሩ ሰው እንደሆነ፣ የሒሳብ አስተማሪ እንደሆነ፣ እሳቸውንም እሑድ ምሳ ልጋብዛቸው እንደነበር። የማይረባ ነገር ሁሉ ከአፌ ወጣ። ሰሙኝና «ደክሞሻል፣ ብይ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

ከሥራ ስመለስ ቤቱ ተጠርጓል። ቁልፉ ጎረቤት ነው። እማማ እንፍራንዝ ወንድማቸው ዘንድ ሄደዋል። ትልቁን ሳጥን ትተው ልብሳቸውን ብቻ በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥረው ወስደዋል። የሞገስ ፎቶ ቦታው ላይ የለም። ጭስ ባጠቆረው ግድግዳ መሀል ነጭ አራት ማዕዘን ቀርቷል።

ታፈሰ መጥቶ ግድግዳውን አየ። «እናስተላልፈው?» አለኝ። ሻይ አፍልቶ ሰጠኝ፤ ስኳር ማስገባት ረሳ። ጠጣሁት።

ቅዳሜ (እንፍራንዝ ሆኜ ነው የምጽፈው)

ጧት አባቴ ገባ። ማዘጋጃ ቤት ሄደን ፈረምን። አባቴና ሠናይት ምስክር ሆኑ። አባቴ ታፈሰን ከላይ እስከ ታች አይቶ «ሸጋ ነው፤ ቀጠነ እንጂ» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። በር ላይ ቆመን ታፈሰ፦ «ሂጂ አምጫቸው። እምቢ ቢሉሽም አብረሻቸው እደሪ። እኛ እሑድ ጠረጴዛው ላይ እንጠብቃለን» አለኝ። በተጋባንበት ሰዓት ጥዬው አውቶቡስ ገባሁ።

እማማ የወንድማቸው ደጅ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ምነው መጣሽ? ሙሽራ አይደለሽም?»

«ነኝ። ጧት ፈረምን።»

ሰፌዱን አስጠጉልኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬ ለቀምኩ። ጠጠር እየጣሉ ነው የተናገሩት።

«ሰው እንድታገኚ እኮ ስለት ተስዬልሽ ነበር። ልጅ ነሽ፤ ከኔ ጋር ጥቁር ለብሰሽ እንድታረጂ ፈልጌ አይደለም። ብትነግሪኝ እኔ ነበርኩ ጸጉርሽን የምሠራልሽ።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እጄን በአቧራማ እጃቸው ያዙት።

«እኔ የምፈራው ሌላ ነው። አዲስ ባል ባለበት ቤት የሞገስን ስም ማን ያነሳል? ስሙ ሲጠፋ እኔም ልጠፋ ነው።»

ታፈሰ ቅን ሰው ነው፤ በዚህ ግን ምን እንደሚል አላውቅም። ስለዚህ ቃል አልገባሁላቸውም። «ነገ ይምጡና ራስዎ ይዩት» ብቻ አልኳቸው። ሰፌዱን ይዘው ገቡ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከረጢቱን ይዘው ወጡ። «ጥቁሬን ግን አላወልቅም» አሉኝ። እንዳሉት ይሁን አልኩ።

አውቶቡስ ጠፋ። ሽንኩርት የጫነ ማኪና አሳፈረን፤ እሳቸው ጋቢና፣ እኔ ከላይ ከሽንኩርቱ ጋር፣ የሠናይትን ጫማ በነጠላዬ ጠቅልዬ። ኮረብታው ላይ ስንደርስ አቧራዬን እያራገፍኩ ነው የገባሁት። የበሩ ዘበኛ እማማን አይቶ አመነታ። ከውስጥ የአባቴ ድምፅ፦ «የኛ ናቸው፣ አስገባቸው» አለ። ዱላው በእጁ ነው።

መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ግንቡም ከተማውም ከታች ተዘርግቶ ይታያል። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሹካ። ታፈሰ ብድግ አለ። ክራቫቱ ተጣሟል። ሾርባ እንኳ ሳያዙ ጠብቀውናል። አስተናጋጁ ለእማማ ወንበር እየሳበ «የሙሽራው እናት ነዎት?» አላቸው።

«የሙሽራዪቱ» አሉ እማማ፤ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ተቀላቅሎብኛል። የጣና ዓሣ መጣ፣ ጥብስ መጣ። አባቴ ሁለቱንም ሹካ ወደ ጎን ገፍቶ በእጁ በላ፤ ታፈሰም አይቶት ሹካውን አስቀመጠ። አባቴ ሊመርቀን ሲቆም ወዲያ ማዶ ያሉት ፈረንጆች የሕዝብ መዝሙር መስሏቸው አብረው ቆሙ። ሠናይት በሳቅ ዕንባዋ መጣ።

እማማ ግን ዓሣውን እየነካኩ ይተዉታል። ታፈሰ አየ።

«አልወደዱትም፣ እማማ?»

«ጥሩ ነው፣ ልጄ።»

ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃቸው፦ «ሞገስ ዓሣ ይወድ ነበር?»

እኔ ትናንት የሰማሁትን አልነገርኩትም። መቼ አግኝቼው ልንገረው? እማማ ትክ ብለው አዩት።

«ይጠላ ነበር» አሉ። «ትንሽ ሆኖ እሾህ ጉሮሮው ላይ ተሰክቶበት፣ አባቱ በእግሩ ዘቅዝቆ ሲያራግፈው...» እያሉ ሳቁ። በአራት ዓመት ውስጥ ጥርሳቸውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ታፈሰ «ከዚያስ?» አለ። ነገሩት። ሌላም ነገሩት። እኔ የማላውቀውን ሁሉ ነገሩት። ዓሣው ቀዘቀዘ።

ሰኞ

እማማ እዚሁ አድረው ማለዳ ወደ እንፍራንዝ ተመለሱ። «ቤቱ ለሙሽሮች ይሁን፣ ለፋሲካ እመጣለሁ» አሉ። ሰው ሲሰናበት የሚለው ይሁን የምር ይሁን አላወቅኩም። ፎቶውን ትተውታል፤ ቦታው ላይ ሳይሆን ሳጥናቸው ላይ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው። ልስቀለው ወይስ ልተወው? እስካሁን እዚያው ነው።

ታፈሰ ከረጢታቸውን ተሸክሞ እስከ አውቶቡሱ ሸኛቸው። ሲመለስ ምን አሉህ አልኩት። ለማስታወስ ትንሽ አሰበ።

«ከጓዳው በላይ ያለው ቆርቆሮ ያፈሳል አሉኝ። ዝናቡ ሳይመጣ ጠግነው አሉ። አልጋዬ እዚያ ነው የሚሆነው አሉኝ።»

አሁን ጣራ ላይ ነው። ከላይ መዶሻ እያለ ይጠራኛል። መዶሻ የለንም፤ ከጎረቤት ልዋስ ነው።