መኪናችን ከጀልባ አልወርድም ስትል

ቀጮዬ፣ ይህን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

የባለቤቴ እህት ወልዳ፣ አማቴን ይዤ በመኪና ጫኝ ጀልባ ተሻገርን። ማዶ ስንደርስ የተከራየኋት መኪና እምቢ አለች። ቁልፉ አይዞርም፣ አይወጣም፤ ማርሹም ማቆሚያው ላይ ተቸንክሯል። ከኋላችን ያሉት መኪኖች ጡሩምባቸውን ያስጮኻሉ። የጀልባው ሠራተኛ «ካልወረዳችሁ ይዣችሁ እመለሳለሁ» አለኝ። የኛዋ አሮጌ መኪና ብትሆን ገፍተን እናስነሳት ነበር፤ ይቺ አውቶማቲክ ናት፣ መገፋት አታውቅም።

ቁልፉን በጉልበት ልሰብረው ስል አማቴ፣ «ልጄ፣ የጓዳዬ ቁልፍ ሲነክስ በሩን ወዲህ ወዲያ አደርገዋለሁ። አንተም ያን ክቡን ነገር ነቅነቅ አድርገው» አሉኝ። መኪና ነድተው አያውቁም! ጨንቆኝ መሪውን እየነቀነቅኩ ቁልፉን ቀስ ብዬ ሳዞረው ዞረ። ሞተሩ ተነሳ፣ ፍሬን ስረግጥ ማርሹም ለቀቀ።

መሪና ቁልፍን ምን እንዳገናኛቸው እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው። አራሷ ቤት ደርሰን አማቴን ብጠይቃቸው፣ «እኔስ መቼ ገባኝ? ጀልባው እንዳይመልሰኝ ፈርቼ ነው የተናገርኩት» ብለው ሕፃኗን አቀፏት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሊያስለቅቃቸው አልቻለም።

እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ልጆቹንም... ካርዱ አለቀ፣ ሁላችሁንም ሳምኩ።