ከኪስ ያልወጣችው አውራ ጣት

ይድረስ ለማልረሳህ የድሮ የቡድን ጓደኛዬ፤

እንዴት ከርመሃል? ሱቁስ፣ ልጆቹስ? ጉልበትህስ እንዴት ይዞሃል? ደረጃ ስትወጣ አሁንም ያምህ ይሆን? ስንት ዓመት ሳይጠይቀኝ ዛሬ ምን ታየው አትበል፤ እደርስበታለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሆዴ ቀድሞኝ ሜዳ ከመግባቱ በቀር ሌላ ችግር የለብኝም።

ያው እዚያው ክለብ ወጌሻ ነኝ። ልማዳችንን ታውቀዋለህ፤ የተጎዳ ተጫዋች አሟሙቆ ሲጨርስ እኔ አውራ ጣቴን ካላነሳሁ አሰልጣኙ አያሰልፈውም። ባለፈው እሑድ የዋንጫ ጨዋታ ነበረን። ፌንጣ የምንለው አጥቂያችን ጉልበቱ እንደ ዳቦ አብጧል። እሱ ግን ማደንዘዣ መርፌ ውጋኝና ልግባ ብሎ ለመነኝ። የክለቡ ባለቤትም በዚያ ነጭ ጫማው ማሸት ክፍል ድረስ መጣ። የፈሰሰ ቅባት ረግጦ ሊወድቅ ሲል ትከሻዬን ያዘና፣ እንደያዘኝ፣ ያቺ ጣት ዛሬ እንዳትጠፋ አለኝ። አሰልጣኙ መሬት መሬቱን ያያል።

አልዋሽህም፣ መርፌውን አንስቼ ነበር። ግን ሕመሙን እንጂ ጉዳቱን እንደማያጠፋ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? መልሼ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። አሟሙቀው ሲያበቁ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሁለት እጄን ኪሴ ከትቼ ሰማይ ሰማዩን አየሁ። አሰልጣኙ ጣትህ የት ገባች ብሎ ጮኸ። ኪሴ ውስጥ ናት፣ ዛሬ አትወጣም አልኩት። ትንሽ አሰበና ሌላ አጥቂ አሰለፈ። ከዚያማ ጉድ ሆንን፤ ሁለት ለዜሮ! ፌንጣ ፎጣውን ፊቴ ላይ ወረወረ፤ ባለቤቱም እዚያው አባረረኝ።

እስከ ረቡዕ ሥራ ፈትቼ ቤቴን ቀለም ቀባሁ። ሚስቴማ ምናለ ወጥ ቤቱ እስኪያልቅ ባይመልሱህ ብላ አሳቀችኝ። ሐሙስ ፌንጣ በክራንች መጣ። ሐኪሙ ጅማቱ ሊበጠስ ትንሽ እንደቀረው፣ ሁለት ወር ካረፈ ግን እንደሚድን ነግሮታል። ለክለቡ ባለቤትም ወጌሻው ካልተመለሰ እኔም የለሁም ብሎት ነው የመጣው። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት ብሩሽ አስያዝኩት። ወንበር ላይ ተቀምጦ በሩን ቀባልኝ። ኳስ ላይ አንደኛ፣ ቀለም ላይ ዜሮ!

ስቀን ስናበቃ፣ ከእኔ በፊት እንዲህ የከለከልከው ተጫዋች አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። መከልከል የነበረብኝ ግን አንድ አለ፤ ያኔ ጣቴን አነሳሁ አልኩት። ስምህን አልነገርኩትም። ያን ቀን ወደ ሜዳ ስትሮጥ ተመልሰህ አቅፈኸኝ አመስግነኸኝ ነበር። ያን ምስጋና እስከ ዛሬ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም።

እስቲ አንድ ቀን ና፣ በሩን እየው። ቤቴ ደረጃ የለውም።

ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ጤናህን ያብዛልህ።

የድሮው ወጌሻህ