ዘንድሮ የሰነፈው ረዓድ

ለወንድሜ ለሻዝሊ፣

የአላህ ሰላም ኩዌት ድረስ ይምጣልህ። ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ዓባይም ዓሣ አልነፈገንም።

አባባ ያንን ጨዋታውን አልተወም። እንደ ኮረንቲ የሚነዝረው ረዓድ መረብ ውስጥ በገባ ቁጥር በቀኝ እጁ ጨብጦ ይይዘዋል። ታስታውሳለህ፣ መጀመሪያ ዓሣው በነዘረው ቁጥር ክንዱ ይዘል ነበር። ሲደጋግምበት ጡጫው ድርቅ ብሎ አልከፈት ይል ነበር፤ እኛም እንስቅ ነበር። በመጨረሻ ክንዱ ይዝልና፣ አባባ ሻይ እስኪጠጣ አርፎ እንደገና ይዘል ነበር።

ዘንድሮ ግን ክንዱ ንቅንቅ አይልም። «ይሄ ዓሣ እንደ ወንድምሽ ሰነፈ!» እያለ ይስቃል።

ትናንት ያንኑ ዓሣ ከእጁ ስቀበለው ክንዴ እስከ ትከሻዬ ዘሎ ጀልባው ውስጥ በጀርባዬ ወደቅሁ።

«ምን ሆንሽ ሰኒያ?» አለኝ።

«አዳለጠኝ አባባ።»

በግራ እጃችን ስንበላ በጥፊ ያጠናግረን የነበረው አባባ፣ አሁን ሻዩን በግራው ይጠጣል። እኔም እንዳላየሁ እሆናለሁ።

ሻዝሊ ለዒድ ፈቃድ አግኝቷል ብዬ ነግሬዋለሁ። አንዴ ዋሽቼዋለሁና ደግመህ ውሸታም አታድርገኝ።

አላህ ይጠብቅህ፤

እህትህ ሰኒያ