የማስታጠቢያው ውሃ

ለልጄ ለሀጀራ፣

አሰላሙ አለይኩም። በሰው አገር እንደምን ከረምሽ? እኛ ከነከብታችን አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡም መጥቷል፤ ባቄላው ብቻ ተባይ ገብቶበታል።

ይህን በስልክ ያልነገርሁሽ፣ እህትሽ ፈርሂያ አጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። በተኩሱ ሰሞን የጎረቤታችን የአህመዲን ልጅ ወንዝ መንገድ ላይ ጠብቆ ክብሯን ከደፈረ ወዲህ ስንከስ ከረምን። የሐኪም ማስረጃ አምጡ አሉን፤ ያን ጊዜ የመካነ ሰላም መንገድ ተዘግቶ በየት በኩል እንውሰዳት? ምስክር አምጡ አሉን፤ ያየችው ሴት የልጁን ጠመንጃ ፈርታ አላየሁም አለች። ኋላ ሽማግሌ ገባ። "ጎረቤት ናችሁ፣ በዱአ እንጨርሰው" ሲሉኝ እሺ አልሁ።

ሐሙስ ዕለት ልጁን ይዘው ለእርቁ መጡ። ምግብ ሲቀርብ እኔ ሞኙ እንደ ልማዴ "ፈርሂያ፣ እንግዶቹን አስታጥቢ!" ብዬ ተጣራሁ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ጆጉን ይዛ ወጣች። ሽማግሌዎቹን በየተራ አስታጠበች። እሱ ዘንድ ስትደርስ እጁን ዘረጋላት፤ አፈሰሰችለት። ታጥቦ እጁን ከሰበሰበ በኋላም ውሃውን እስኪያልቅ መሬት ላይ አፈሰሰችው። በቃሽ ያላት የለም፤ እኔም አላልኋት።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እኔ በሩ ላይ እተኛለሁ፤ ከብቶቹን ልጠብቅ ነው ብያታለሁ። ይህ እንደደረሰሽ ደውይላት። ለባቄላው የገዛሁትን የተባይ መድኃኒት ከቤት አውጥቼ ሸኩ ዘንድ አኑሬዋለሁ። ባቄላው ይቅር።

አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ በዱአሽ አትርሺን።

አባትሽ ሙሐሲን